ሀሳብም ደረሰኝ ይፈልጋል፦ ትንንሽ ቡድኖች በሕዝብና በቤተ ክርስቲያን ውሳኔ ውስጥ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል]

በዛሬው ሳምንታዊ ዝግጅት የሚቀርበው ትምህርት፣ ጥቂት ሰዎች ተቀራርበው የሚያደርጉት ውይይት በሕዝብ አስተዳደርም ሆነ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ውሳኔ ላይ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል፣ ይህንኑ ክብደት የሚያሳጣውስ ምን እንደሆነ የሚመረምር ነው።

አስቀድሞ የቃላቱን ድንበር ማስመር ይገባል። በዚህ ዝግጅት «ትንሽ ቡድን» የሚባለው ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ፣ በስም የሚተዋወቁ፣ ያለ ድምፅ ማጉያም የሚደማመጡ ሰዎች ስብስብ ነው። «ተሳትፎ» የሚባለው ደግሞ በስብሰባው ላይ መገኘትና ስምን በመገኛ ወረቀት ላይ ማስፈር ሳይሆን፣ የተናገሩት ነገር ውሳኔውን ሊለውጥ የሚችልበት ዕድል መኖሩ ነው። አድማጮች ይህን ሁለተኛ ትርጉም በልባቸው ይያዙት፤ በኋላ ደጋግሞ ይነሣል።

[ለአፍታ ዝምታ]

ለመሆኑ ሰው በብዙ ሕዝብ መካከል ሲሆን ያሰበውን ሳይናገር የሚቀረው ለምንድን ነው?

ለምሳሌ ያህል ሦስት መቶ አባላት ያሉት አንድ እድር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰብስቧል እንበል፤ የዕለቱ አጀንዳ የወር መዋጮ ይጨመር የሚል ነው። ሊቀ መንበሩ የድንኳኑን ማርጀት፣ የወንበሩንና የድስቱን ማነስ፣ የቀብር ወጪውን መናር ዘርዝሮ ካበቃ በኋላ «ሀሳብ ያለው» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከፊት ረድፍ የሚቀመጡትና በየስብሰባው መናገር የለመዱት ሁለት ሦስት አባላት ተነሥተው ሀሳቡን ይደግፋሉ፤ ከዚያም ጭብጨባ ይሰማል፤ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ያሰፍራል።

በኋለኛው ወንበር የተቀመጠች፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ቸርችራ የምትተዳደር እናት ግን ጭማሪው ከአቅሟ በላይ መሆኑን አስልታ ጨርሳለች። ይሁን እንጂ በሦስት መቶ ሰው ፊት ተነሥቶ «አልችልም» ማለት ማጣትን በአደባባይ መግለጥ ስለሚሆንባት፣ ይሉኝታም ስለሚይዛት፣ እርሷም ከሰው ጋር ታጨበጭባለች። ከጥቂት ወራት በኋላ መዋጮዋ ይወዘፋል፤ ቅጣት ይከተላል፤ ስሟም ከመዝገብ እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ኮሚቴው «በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው» ቢል አልዋሸም፤ ውሳኔው ግን የአባላቱን ኑሮ ሳያውቅ የተወሰነ ነው።

ይህችው እናት ከሰባት ስምንት ጎረቤቶቿ ጋር በአንድ ግቢ ተቀምጣ ብትጠየቅስ? ጭማሪው ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰብሰብ፣ ወይም ጡረተኞችና ጧሪ የሌላቸው በቀድሞው መዋጮ ይቆዩ የሚል ሀሳብ ከእርሷ ባይመጣ እንኳ ከአጠገቧ ካለች፣ ችግሯን ከምታውቅ ጎረቤት ሊመጣ ይችላል። የትንሽ ቡድን የመጀመሪያ ጥቅም ይህ ነው፤ በአደባባይ የማይነገረውን እውነት በቅርብ ሰው ፊት ለመናገር ያስችላል።

[አጭር የሙዚቃ ማለፊያ]

ችግሩ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የሙሴ አማት ዮቶር፣ ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ሰው ፊት ቆሞ ሲጉላላ አይቶ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾሙ፣ ቀላሉን ነገር እነርሱ እንዲፈርዱ፣ ከባዱ ብቻ ወደ ሙሴ እንዲመጣ መክሯል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ በየዕለቱ እደላ መበለቶቻቸው ቸል የተባሉባቸው ወገኖች ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት ራሳቸው ሰው መርጠው ከመሾም ይልቅ ሰባቱን ሰዎች ሕዝቡ እንዲመርጥ አድርገዋል። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው ሥራ ከላይ ወደ ታች ሲከፋፈል፣ በሁለተኛው ግን የጥቂቶች ቅሬታ ከታች ወደ ላይ ወጥቶ የአስተዳደሩን መልክ ለውጧል።

ከሺህ ሰባት መቶ ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ የሆነው ደግሞ ለእድሩ ምሳሌ እጅግ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 በብሪስቶል ከተማ የነበሩት የጆን ዌስሊ ተከታዮች፣ ኋላ ሜቶዲስት የተባሉት ምእመናን፣ የጸሎት ቤታቸውን የሕንፃ ዕዳ እንዴት እንደሚከፍሉ ሲመካከሩ፣ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ የሚል ሀሳብ ቀረበ። ብዙዎቹ ድሆች ስለነበሩ ይህ አይቻልም በተባለ ጊዜ ካፒቴን ፎይ የተባለ አባል፣ ከሁሉ ድሃ የሆኑት አሥራ አንዱ ለእርሱ እንዲመደቡለት፣ መክፈል ያቃታቸውንም እርሱ እንደሚሸፍን ተናገረ። አባላቱ በዚህ መንገድ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ ተመደቡ።

ሳንቲም ለመሰብሰብ በየቤቱ የዞረው የቡድን መሪ ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ ማወቁ አልቀረም፤ ስለዚህ የዕዳ መክፈያው ዘዴ ብዙም ሳይቆይ የመንፈሳዊ እንክብካቤ ዘዴ ሆነ። በአንጻሩ የእንቅስቃሴው ትልልቅ ውሳኔዎች በዌስሊና በሰባኪዎቹ ዓመታዊ ጉባኤ እጅ ነበሩ፤ ተራው የቡድን አባል ድምፅ አልነበረውም። ይሁን እንጂ በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ማዕድን ቆፋሪው፣ ሸማኔውና የእርሻ ሠራተኛው በተራ መናገርን፣ ሂሳብ መያዝን፣ ሰው ማስተባበርን ተማሩ፤ ይህን የተማረ ሰው ደግሞ ትምህርቱን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጥሎት አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1834 በቶልፑድል መንደር የሠራተኛ ማኅበር በማቋቋማቸው፣ ምስጢራዊ መሐላ ፈጽማችኋል ተብለው ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት ስድስት የእርሻ ሠራተኞች መሪ ጆርጅ ላቭለስ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር፤ ከጓደኞቹም አብዛኞቹ የዚያው እምነት ተከታዮች ነበሩ። የሕዝብ ተቃውሞ በርትቶ ምሕረት ተደረገላቸው፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ በእንግሊዝ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ ይነሣል።

[ለአፍታ ዝምታ]

ታዲያ ሰዎችን በትንንሽ ቡድን ማደራጀት ሁልጊዜ ለተሳትፎ ይበጃል ማለት ነውን?

አይደለም፤ ለዚህም ከኢትዮጵያ ታሪክ የበለጠ አስረጂ ማግኘት ያስቸግራል። በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ የሚባል ስብሰባ ነበረ፤ ስሙ ውይይት ቢሆንም የሚባለው ነገር አስቀድሞ የታወቀ፣ መቅረትም ጥርጣሬ ላይ የሚጥል ነበረ። በአንጻሩ በዚያው ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም.፣ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሕንፃዎች አሽጎ፣ ንብረቷን ወርሶ፣ ስድስት መሪዎቿን ለዓመታት ባሰረ ጊዜ፣ ምእመናኑ አምስትም ሰባትም እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው።

በእንዲህ ያለው ጊዜ በይፋ የሚሠራ ዋና ጽሕፈት ቤትም መድረክም ስላልነበረ፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ለታሰሩት ቤተሰብ ምን እንደሚላክ፣ አዲስ የመጣው ሰው የሚታመን ይሁን አይሁን በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚያው በአንድ ሳሎን የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸውን የከፈቱት ሴቶች የኃላፊነቱን ትልቅ ድርሻ ተሸከሙ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በተዘጋችበት ወቅት ወደ 5,000 ይጠጉ የነበሩት አባላቷ፣ በ1983 ዓ.ም. ከደርግ መውደቅ በኋላ በይፋ ስትከፈት 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ለዕድገቱ ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ ውሳኔ በእጁ የገባ ሰው ከተመልካችነት ወደ ባለቤትነት መሻገሩ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ «አንድ ለአምስት» የተባለውን አደረጃጀት አመጣ። በኢሕአዴግ አስተዳደር አርሶ አደሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና እናቶች አንድ ግንባር ቀደም ሰው አምስት ሰዎችን እንዲመራ ተደርገው ተደራጅተዋል። በጤና በኩል ነፍሰ ጡሮች በጤና ተቋም እንዲወልዱ፣ ሕፃናት እንዲከተቡ መልእክት በማድረስ ያገለገለ መሆኑን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ዕቅዱ፣ መልእክቱና የሪፖርቱ ቅጽ ከላይ ተዘጋጅቶ ስለሚወርድ፣ ወደ ላይ የሚወጣውም የተፈጸመው ሥራና አንዳንዴም ማን ምን እንዳለ የሚገልጽ ወሬ ስለነበረ፣ ብዙዎች መሪውን እንደ ጆሮ ጠቢ ማየት ጀመሩ፤ ሰውም በቡድኑ ውስጥ መናገርን ሳይሆን መጠንቀቅን ተማረ።

አድማጮች ልብ ይበሉ፤ በየቤቱ በተሰበሰቡት ምእመናንም ሆነ በአንድ ለአምስቱ የሰዎቹ ቁጥር ተቀራራቢ ነው። የተለያየው የሀሳቡ አቅጣጫ ነው። ነጥቡ በድጋሚ ይነገር፤ የቡድን ማነስ ብቻውን ተሳትፎን አይወልድም፤ ሀሳብ ከታች ወደ ላይ የሚሄድበት መንገድ ከሌለ፣ ትንሽ ቡድን ትእዛዝን እስከ እያንዳንዱ ቤት ለማድረስ የተመቸ መሣሪያ ይሆናል።

[አጭር የሙዚቃ ማለፊያ]

መንገዱ በደንብ ተጽፎ ከተገኘስ? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው ደንብ መሠረት፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተውጣጡ ተመራጮች የሚመራ ጉባኤ እንዲኖረው ሆኗል። ከአጥቢያው በላይ የወረዳው፣ ከወረዳው በላይ የሀገረ ስብከቱ ጉባኤ አለ፤ በየዓመቱም በጥቅምት ወር አጠቃላይ የሰበካ ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። ደብሩ በአለቃውና በጥቂት ሹማምንት ብቻ ይተዳደር ለነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም፤ የመሬት ይዞታዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተወረሰ ጊዜም ቤተ ክርስቲያኒቱ በምእመናን አስተዋፅኦ ልትቆም የቻለችው በአመዛኙ በዚህ መዋቅር ነው።

በዚህ መዋቅር ውስጥ ገንዘብ የሚጓዝበት መንገድ ጥርት ያለ ነው። ምእመኑ ወርሃዊ አስተዋፅኦውን ሲከፍል ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ከአጥቢያው ገቢም የተወሰነው በመቶኛ ተሰልቶ ወደ በላይ አካል ይላካል፤ ጉድለት ቢገኝ ሂሳብ መርማሪ ይጠይቃል። አንዲት ምእመን በአጥቢያዋ ያቀረበችው ሀሳብ ግን የት እንደደረሰ የሚያሳይ ደረሰኝ የለም። በዓመታዊ ጉባኤዎች የሚነበበው ሪፖርት ምን ያህል ሕንፃ እንደተሠራ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደተሰበሰበ ይዘረዝራል፤ ከታች ምን ጥያቄ እንደቀረበና ምን እንደተመለሰለት የሚገልጽ ምዕራፍ እምብዛም አይኖረውም። ይህ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የሽማግሌዎች ጉባኤና ሲኖዶስ ባላቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም፣ በቀበሌ ስብሰባም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርም ያው ነው።

በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብዙዎቹ በየግዛቱ ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ሆነው ስለሚመዘገቡ፣ ጠቅላላ ጉባኤና የሚመረጥ ቦርድ አላቸው፤ አባሉ በሕግ ድምፅ አለው። ይሁንና ክርክሩ በዓመት አንድ ጊዜ በሚጠራ ትልቅ ጉባኤ ላይ ሲፈነዳ እንጂ አስቀድሞ በትንንሽ ቡድን ስለማይበስል፣ በቦርድና በካህናት መካከል የሚነሣው አለመግባባት አንዳንዴ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

[ለአፍታ ዝምታ]

እንግዲህ ለሀሳብ ደረሰኝ መቁረጥ የሚቻለው እንዴት ነው? ሁለት የቅርብ ጊዜ ተሞክሮዎችን መመልከት ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በቫቲካን ሲሰበሰብ፣ ተሰብሳቢዎቹ እንደ ቀድሞው በማዕረግ ተራ በረድፍ አልተቀመጡም፤ ካርዲናሉ፣ መነኩሲቷና ወጣቱ ምእመን በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ውይይቱ ሦስት ዙር ነበረው፤ በመጀመሪያው እያንዳንዱ ሰው ሳይቋረጥ በተራው ይናገራል፤ ከጸጥታ በኋላ በሁለተኛው ዙር ከሌሎቹ የሰማውንና ልቡን የነካውን ብቻ ይገልጻል፤ በሦስተኛው ደግሞ የተስማሙበትና የተለያዩበት ተለይቶ ይጻፋል። ከ50 በላይ ሴቶች በሲኖዶሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። በጉባኤው ማጠቃለያ ሰነድ ላይ በየአንቀጹ ድምፅ ተሰጥቶ፣ የተቃወሙት ቁጥር ሳይቀር ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ሲኖዶሱ አማካሪ እንጂ የመጨረሻ ወሳኝ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ፖፕ ፍራንሲስ ጉባኤው በቀጠለበት በ2024 የጸደቀውን የመጨረሻ ሰነድ የራሳቸውን ጽሑፍ ሳይጨምሩ እንዳለ ተቀብለው እንዲታተም አድርገዋል።

ከአየርላንድ የሚገኘው ተሞክሮ የመንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሀገሪቱን ሕዝብ እንዲወክሉ ተደርገው በዕጣ የተመረጡ 99 ዜጎች፣ በዳኛ ሜሪ ላፎይ ሰብሳቢነት፣ ፅንስ ማቋረጥን በሚመለከተው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ላይ እንዲመክሩ ተጠሩ። ቅዳሜና እሑድ እየተገናኙ፣ ከባለሙያዎችና ከሁለቱም ወገን ተሟጋቾች እየሰሙ፣ በየጠረጴዛው አወያይና ማስታወሻ ያዥ ተመድቦላቸው ተወያዩ፤ በመጨረሻም በምስጢር ድምፅ ምክረ ሀሳባቸውን አቀረቡ። ጉዳዩ እስከ ሕዝበ ውሳኔ ደርሶ በሜይ 2018 አንቀጹን የሚለውጥ ማሻሻያ በ66.4 በመቶ ድምፅ ጸደቀ። ውጤቱን መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ በኢትዮጵያም ብዙዎች እንደሚቃወሙት ግልጽ ነው። ለዚህ ዝግጅት ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ፓርላማው ጉባኤውን ሲያቋቁም፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ምክረ ሀሳብ መልስ እንዲሰጥ አስቀድሞ በውሳኔው ውስጥ አስፍሮ ነበር። ደረሰኙ ይህ ነው፤ የተናገርከው ደርሷል፣ ተቀብለነዋል ወይም በዚህ ምክንያት አልተቀበልነውም የሚል መልስ።

[አጭር የሙዚቃ ማለፊያ]

ትንሽ ቡድንም የራሱ ሕመም አለው። በስምንት ሰው መካከል አንድ ባለ ሥልጣን፣ አንድ አበዳሪ ወይም አንድ የንስሐ አባት ቢቀመጥ፣ ሌሎቹ ፊቱን እያዩ ሊናገሩ ይችላሉ። ቡድኑ ሁልጊዜ በዘመድና በወዳጅ ብቻ ከተሞላ ደግሞ ዐድማ ይሆናል። በምስጢር የተነገረው የቤት ችግር ወጥቶ በሠፈር ከተወራም ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም።

ለመጀመሪያው ሕመም ግን መድኃኒቱ ከሀገር ውስጥ አይጠፋም። በጥንቱ የንጉሥ ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ሀሳባቸውን አስቀድመው የሚሰነዝሩት በማዕረግ ዝቅ ያሉት ነበሩ፤ ተራው ወደ ላይ እየወጣ ንጉሡ በመጨረሻ ይናገር ነበር። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ሊቃረነው እንደማይደፍር የዚያ ሥርዓት ባለቤቶች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዛሬ በየስብሰባው ሊቀ መንበሩ ግማሽ ሰዓት ተናግሮ «አሁን ደግሞ እናንተ» ማለቱ፣ ከዚያ ጥበብ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ስለዚህ እድርም ይሁን ሰበካ ጉባኤ፣ ከባድ አጀንዳ ከመወሰኑ በፊት አባላቱ በየሠፈራቸው ስምንትም ዐሥርም ሆነው እንዲመክሩበት ጊዜ መስጠት፣ ከወጣቱና ከዝምተኛው ጀምሮ በተራ ማናገር፣ የተስማሙበትን ብቻ ሳይሆን የተለያዩበትንም መጻፍ፣ የተጻፈውንም ከመላኩ በፊት ለቡድኑ አንብቦ ማሰማት ይቻላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃል። ሥራው የሚከብደው ከላይ ለተቀመጠው ነው፤ መልስ የመስጠት ግዴታ በእርሱ ላይ ይወድቃልና።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በምትሳተፉበት እድር፣ ማኅበር፣ ሰበካ ጉባኤ ወይም የቀበሌ ስብሰባ ላይ በሚቀጥለው ጊዜ ስትገኙ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ ጠይቁ፤ ከአባላት የቀረበው ሀሳብ ለማን እንደተላከ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጠውም በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍ በአክብሮት አሳስቡ። ያገኛችሁትን መልስ ለዝግጅቱ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ይነበባል።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]